ነዳጅ ያልተያዘለት መሥሪያ ቤት

ዱስ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ የካሮዎች መንደር ናት። ከጂንካ ተነስቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በቀይ አፈር አድርጎ ዲመካን ያልፍና ቱርሚ ይደርሳል፤ ከቱርሚ በኋላ ዋናውን መንገድ ትቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በአሸዋና በግራር ቁጥቋጦ መሀል ይጓዛል። ካሮዎች በቁጥር ከአገራችን ትንንሽ ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ፣ ፍየል ያረባሉ፣ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር ይቆርጣሉ። ያመረቱትን ከሐመሩም፣ ከባናውም፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ኛንጋቶምም ጋር ሲለዋወጡ ኖረዋል። ንግድ ለነሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጂንካ ከተማ ሳትሆን በፊትም ይነግዱ ነበር።

ጽሑፌን ከዱስ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን አነስተኛ ንግድን የሚደግፉ መሥሪያ ቤቶች ታሪክ ሲነሳ የሚጠቀሰው አዋጁ፣ ስትራቴጂውና የተደራጁት ሰዎች ቁጥር ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በምን ይተዳደር እንደነበር፣ ባለሙያው በምን ተሳፍሮ ባለጉዳዩ ዘንድ እንደደረሰ፣ ሳይደርስ ሲቀርም ምን እንዳስቀረው የሚጽፍ የለም። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በደቡብ ኦሞ ወረዳዎች በበጀትና በሒሳብ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ወገን መጻፍ ከእኔ ይጠበቃል ብዬ አምናለሁ። የምለውም ይህን ነው፦ መንግሥት በየዘመኑ ለደጋፊው ደመወዝ ከፍሏል፤ ለመንገዱ ግን አልከፈለም።

የወረዳ በጀት ይዞ ለኖረ ሰው የሒሳብ መደቦቹ ቁጥር እንደ ጎረቤት ስም ነው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። 6212 የጽሕፈት መሣሪያ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል። ደመወዙን ለብቻው አስቀምጠን የቀሩትን በአንድነት ሥራ ማስኬጃ እንላቸዋለን። ስሙ ሁሉን ይናገራል፤ ሥራውን የሚያስኬደው እሱ ነው። በሠራሁባቸው ዓመታት ከመደበኛው በጀት ከአሥር ብር ስምንት ዘጠኙ ደመወዝ ነበር። የቀረችው ለትምህርቱም፣ ለጤናውም፣ ለግብርናውም፣ ለውኃውም፣ ለፍርድ ቤቱም ተከፋፍላ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ጽሕፈት ቤት ስትደርስ ምን ያህል እንደምትሆን አንባቢ ይገምታል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ደርግ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም መንግሥት ትልልቆቹን ፋብሪካዎችና ድርጅቶች ወረሰ። በ1968 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ነጋዴው ካፒታል ጣሪያ ተበጀለት፤ ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር። ከዚያ ጣሪያ በታች የቀረውን ሸማኔ፣ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪና አናጺ የሚከታተል አካል ያስፈልግ ነበርና በ1969 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 124 የእደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በፈረንጅኛው ምህጻር «ሃሲዳ» ተብሎ ነው። ፈቃድ መስጠት፣ ማሠልጠን፣ በማኅበር ማደራጀትና የጥሬ ዕቃ ችግርን ማቃለል ሥራው ነበር።

ሐሳቡ የሚያስከብር ነበር ብዬ ነው የማምነው። ለምን እንደሆነ በእኛው አካባቢ ምሳሌ ላስረዳ። በአሪ ምድር ሸክላ የሚሠሩትና ብረት የሚቀጠቅጡት «ማና» ተብለው ከሌላው ተነጥለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከነሱ ጋር ጋብቻ አልነበረም፤ አብሮ መብላትም ነውር ነበር። ምድጃው ላይ የሚጣደው ድስትና ማሳው ላይ የሚውለው ማረሻ የነሱ እጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሠሪዎቹ ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ሲወጡ ዳር ላይ ይቀመጡ ነበር። አንድ የመንግሥት አዋጅ እደ ጥበብን ልማት ብሎ ሲጠራ ለእነዚህ ሰዎች የሚያሰማው መልእክት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያን ጊዜ ጂንካ በጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር የገለብ፣ ሐመርና ባኮ አውራጃ መቀመጫ ነበረች። የክፍለ ሀገሩ ከተማ አርባ ምንጭ ነው፤ ከዚያ በላይ አዲስ አበባ። የሚወስነውና በጀት የሚይዘው ማዕከሉ ስለነበር እንደ ጂንካ ያለ ከተማ የሚጠብቀው ከላይ የሚላክለትን ነበር። ዱስማ በዚያ መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ ነበረች ለማለት ይከብዳል።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም በኋላ የገበያ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነገሩ ተቀየረ። በ1988 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 40 የአነስተኛ ብድር ተቋማትን ፈቀደ። በደቡብ ክልል ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ የተቋቋመው በዚህ አዋጅ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የስሙ ባለቤት የሆነው ወንዝ በዱስ ሥር ያልፋል፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ግን ሐዋሳ ነበር። በኅዳር 1990 ዓ.ም የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ስትራቴጂን አወጣ። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ኤጀንሲ በደንብ ቁጥር 33 ተመሠረተ። በዚያ ስትራቴጂ እስከ 20 ሺህ ብር የተከፈለ ካፒታል ያለው ጥቃቅን፣ ከዚያ በላይ እስከ 500 ሺህ ያለው አነስተኛ ተባለ።

የፌዴራሉ ኤጀንሲ አሠልጣኞችን ሊያሠለጥን፣ የምርት ናሙና ሊያዘጋጅና መረጃ ሊያሰራጭ እንጂ ቤት ለቤት ሊዞር አልተቋቋመም። መዞሩ የክልሎች ድርሻ ሆነ። ክልሎች በበኩላቸው ወደ ዞን አወረዱት፤ ዞን ወደ ወረዳ። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያወርድ ሥራውን ያወርዳል፤ ብሩ ግን አብሮ አይወርድም። ይህ የማንም ሰው ተንኮል አይደለም፤ አሠራሩ እንዲህ ነበር።

በ1994 ዓ.ም ያልተማከለ አስተዳደር ወደ ወረዳ ሲወርድ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በእኛው በደቡብ ክልል ወረዳዎች የጥቅል ድጎማ መቀበል ጀመሩ። ለወረዳ ሰው ትልቅ ቀን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ቤታችን ተቀምጦ ይህን ያህሉ ለዚህ፣ ይህን ያህሉ ለዚያ ብሎ ደለደለ። ያኔ የነበረንን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። በተግባር ግን ከጥቅሉ በቅድሚያ የሚነሳው ደመወዝ ነው፤ መምህር፣ የጤና ባለሙያና የግብርና ሠራተኛ በየዓመቱ ሲቀጠር ጥቅሉ እየጠበበ ሄደ። የመጀመሪያ አለቃዬ የነበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ የበጀት ድልድል ወረቀት ፊታቸው ሲቀርብ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «መጀመሪያ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ውዝፍ፣ የተረፈ ካለ ለመንገድ።» የተረፈ ግን ብዙ ጊዜ አልነበረም።

አንድ ጉዞ ምን ያህል እንደሚጠይቅ በቁጥር ላሳይ። የሐመር ወረዳ መቀመጫ ዲመካ ናት። ከዲመካ ቱርሚ 28 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቱርሚ ዱስ ስልሳ ገደማ። ደርሶ መልሱ 180 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሌሎቹን የካሮ መንደሮች፣ ኮርቾንና ላቡክን፣ ካከልንበት 200 ያልፋል። በአሸዋ ላይ የሚሄድ ላንድ ክሩዘር በአንድ ሊትር ናፍጣ አምስት ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ጥሩ ነው። ስለዚህ 40 ሊትር። በዚህ ላይ የባለሙያው፣ የሹፌሩና አስተርጓሚ ከተፈለገ የእሱም ውሎ አበል አለ፤ አንድ ማኅበር አይቶ በዚያው ቀን መመለስ ስለማይቻል ሁለት ሌሊት ይታሰባል። ጎማ ቢፈነዳስ? የጥገናው ከሌላ መደብ ነው የሚነሳው። ይህ ሁሉ ለአንዲት ቀበሌ፣ ለአንድ ጉብኝት ነው። ድጋፍና ክትትል ብሎ መመሪያው የሚጠይቀው ግን በየወሩ፣ ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ ነው።

በአንድ ወረዳ የዓመቱን የነዳጅ መደብ ከጽሕፈት ቤቱ የሥራ ዕቅድ ጋር አስተያይቼ አውቃለሁ። ዕቅዱ ሁሉንም ቀበሌ በየሩብ ዓመቱ እንጎበኛለን ይላል፤ ብሩ ለዓመቱ በሙሉ ለሁለት ሩቅ ጉዞ እንኳ አይበቃም ነበር። ዕቅዱን ያጸደቀውም፣ በጀቱን ያጸደቀውም ያው ምክር ቤት ነው። ባለሙያው ታዲያ ምን ያድርግ? ቅርብ ያለውን ከተማ ይዞ ይዞራል። ሪፖርት የሚሞላው እግሩ በሚደርስበት ቦታ ባሉ ማኅበራት ነው፤ ብሎኬት የሚያመርቱ፣ እንጨትና ብረታ ብረት የሚሠሩ፣ ሼድ የተሰጣቸው ልጆች። እነሱም ይገባቸዋል፤ ጥፋቱ የነሱ አይደለም። ነገር ግን ድጋፉ በከተማው ዳር ቆመ።

የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ይህን ከቆላ ውጪ የሠራ ሰው በቀላሉ አያስተውለውም። የመንግሥት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ብር ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ገንዘቡ በጠብታ ነው የሚለቀቀው፤ ደመወዝ ካልተስተጓጎለ ተመስገን ነው። ሥራ ማስኬጃው እፎይ የሚለው ከሚያዝያ በኋላ፣ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ነው። በደቡብ ኦሞ ቆላ ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ቱርሚ አጠገብ ያለው ካስኬ በበጋ ከብት የሚነዳበት አሸዋ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ግን መኪና የማያሳልፍ ወንዝ ይሆናል። እንግዲህ መንገዱ ሲደርቅ ብሩ የለም፣ ብሩ ሲመጣ መንገዱ ተዘግቷል። ሰኔ ላይ የቀረው ምርጫ ወረቀት፣ ቀለምና ወንበር መግዛት ነው። በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ መጋዘን ሲደረደር ያየሁት ዕቃ ቢቆጠር የስንት ጉዞ ነዳጅ ይሆን ነበር!

በሰኞ ቱርሚ ገበያ ላይ ያገኘኋቸው አንድ የዱስ ሽማግሌ አሉ። ሁለት ጀሪካን ማር ይዘው ነበር። ማሩ ከነእንጀራው፣ ከነሰሙ ነው፤ ጉንዳንም አለበት። በአስተርጓሚ ተነጋገርን። ማኅበር እንደነበራቸው፣ መተዳደሪያ ደንብ ተጽፎላቸው፣ ማኅተም ተቀርጾላቸው እንደነበር ነገሩኝ። የማኅበሩ ደብተር በአንድ ወጣት ቤት ተቀምጧል። «ያደራጁን ልጆች ጥሩ ልጆች ናቸው» አሉ። «ማሩን እንዴት እንደምናጣራ እናሳያችኋለን፣ ገዢም እናመጣላችኋለን ብለው ሄዱ። ታመው ይሆን?»

«አልታመሙም አባቴ፤ መኪና አጥተው ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉና፣ «እኛ ማሩን በአህያ ነው ያመጣነው» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም። ማሩን የገዛቸው ነጋዴ በጀሪካን ገመተና ከፈለ፤ ሚዛን አልነበረም። አንድ ወንፊት፣ አንድ ሚዛንና ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የሚያሳይ ሰው ቢኖር ያ ማር የተጣራ ማር ዋጋ ያወጣ ነበር። ሰሙም ለብቻው ይሸጥ ነበር።

በ2003 ዓ.ም ስትራቴጂው ተሻሻለ። የአምስት ዓመቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተጀምሮ ስለነበር ጉዳዩ ከመቼውም በላይ ክብደት አገኘ። ትርጓሜው በሠራተኛ ቁጥርና በጠቅላላ ሀብት ሆነ፤ በኢንዱስትሪው ዘርፍ እስከ አምስት ሰው የሚቀጥርና እስከ 100 ሺህ ብር ሀብት ያለው ጥቃቅን፣ እስከ 30 ሰው ቀጥሮ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ያለው አነስተኛ። የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባለው ጣቢያ በየከተማው ተከፈተ፤ ምዝገባው፣ ፈቃዱ፣ ብድሩ፣ ሥልጠናው በአንድ ጣሪያ ሥር። ለከተማ ነዋሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ቀነሰ። ዱስ ላለ ሰው ግን አንድ መስኮትም አምስት መስኮትም ያው ነው፤ መስኮቱ ያለበት ድረስ መሄድ አለበት። ብድር ለማግኘት ከሚጠየቀው ገንዘብ ሃያ በመቶውን ቀድሞ መቆጠብ ግዴታ ሆነ። ሀብቱ ፍየል የሆነ ሰው ቁጠባውን በደብተር ለማሳየት ፍየሉን መሸጥ አለበት፤ ፍየል የሚሸጠው ደግሞ ሲቸግር ነው እንጂ ደብተር ለመክፈት አይደለም። ይህን የሚያስረዳና መፍትሔ የሚፈልግ ባለሙያ እዚያው ቦታው ላይ መገኘት ነበረበት።

በ2009 ዓ.ም 10 ቢሊዮን ብር የያዘው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 995 ተቋቋመ። አገር ያወቀው ጉዳይ ነው። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል ለአነስተኛ ብድር ተቋማት ተላለፈ፤ እነሱም ለተደራጁ ወጣቶች አበደሩ። ብሩ የተመደበው ለብድር ነው። ብድሩ ከተሰጠ በኋላ ወጣቱ ምን ላይ እንደደረሰ የሚያየው የወረዳው ባለሙያ ነው፤ የእሱ ነዳጅ ከፈንዱ አይነሳም። በየወረዳው የተበላሸ ብድር ሲቆለል «ወጣቱ አይከፍልም» ተባለ። የማይከፍል ይኖራል፤ አልክድም። ከተበደረ ጀምሮ አንድም ሰው መጥቶ ያላየው ወጣትም ግን ብዙ ነው። ማን ይሄዳል ብሎ ያልጠየቀ ሕግ፣ ማን አይከፍልም ብሎ መጠየቅ አይገባውም ነበር።

በዚያው ዘመን መንግሥት ለሌሎች ያወጣውን ሕግ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ድርጅቶች ከዓመት ወጪያቸው ቢያንስ 70 በመቶውን ለዓላማቸው፣ ከ30 በመቶ ያልበለጠውን ለአስተዳደር እንዲያውሉ አዘዘ። በአፈጻጸሙ ለመስክ ሥራ የሚውል ብዙ ወጪ በአስተዳደር ወገን ይቆጠር ስለነበር ለብዙ ድርጅቶች ከባድ ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 አስተዳደራዊ ወጪውን 20 በመቶ አድርጎ ትርጓሜውን አስተካከለ። ከሕጉ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፦ ገንዘቡ ቢሮ ውስጥ ቀረ ወይስ ሕዝቡ ዘንድ ደረሰ? ይህ ጥያቄ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ቢቀርብ ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚወድቀው የእኛው ሒሳብ ነበር።

በአርብቶ አደሩ ወረዳዎች ለየት ያለ ነገር የታየው በፕሮጀክት በኩል ነው። በዓለም ባንክና በዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ የተደገፈው የአርብቶ አደር ማኅበረሰብ ልማት ፕሮጀክት በ1995 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በሦስት ምዕራፍ ሠራ። ማኅበረሰቡ የሚፈልገውን ራሱ ይመርጣል፣ ከወጪውም ድርሻ ያዋጣል፤ በኋለኞቹ ምዕራፎች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። ከሁሉ በላይ ግን የመስክ ወጪ አብሮ ተመድቦ ነበር። ሰው ሄዶ ያይ ነበር። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር አርብቶ አደሩ ቁጠባ አይወድም የሚባለው ሐሰት መሆኑን ነው፤ የሚመላለስ ሰው ሲኖር ይቆጥባል። ችግሩ ፕሮጀክት ሲዘጋ ነው። መኪናው ለወረዳ ይተላለፋል፤ ነዳጁ ግን አይተላለፍም። ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ የቆመ መኪና ያልታየበት ወረዳ ካለ እሱ ዕድለኛ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደያዙት ለማየት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። ሕንድ የእኛው ሃሲዳ በተቋቋመ ማግስት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978፣ በየአውራጃው የኢንዱስትሪ ማዕከል ከፈተች፤ ሲጀመር ወጪውን ማዕከላዊው መንግሥትና ክልሎቹ ተጋርተውት ነበር። አሜሪካ በ1980 በሕግ ያጸናችው የአነስተኛ ንግድ ልማት ማዕከላት ሥርዓት ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት አንድ ዶላር ሲሰጥ አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ወይም ክልል አንድ ዶላር እንዲያመጣ ያስገድዳል። ሁለቱም እንከን አያጡም። ነገር ግን ማዕከሉ በምን ይኖራል የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ተጠይቆ መልሱ በጽሑፍ ሰፍሯል። እኛ ዘንድ «የሚመለከተው አካል በጀት ይይዛል» ተብሎ ይታለፋል።

ከዚያ የስም ለውጥ መጣ። በ2008 ዓ.ም የፌዴራሉ ኤጀንሲ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ የከተሞች ሥራ ዕድል ፈጠራና ምግብ ዋስትና፣ ሌላው የአነስተኛና መካከለኛ ማኑፋክቸሪንግ ኢንዱስትሪ ሆነ። በ2011 ዓ.ም የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ2014 ዓ.ም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መጣ። እያንዳንዱ ለውጥ አዲስ አበባ ላይ በአዋጅ ወይም በደንብ ያልቃል። ወረዳ ላይ ግን ታፔላ ይቀየራል፣ ክብ ማኅተም ይቀረጻል፣ ቲተር ይሠራል፣ ደብዳቤ ራስጌው ይታተማል፣ ንብረት በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በአዲሱ ስም እንደገና በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ከዚያችው ከሥራ ማስኬጃዋ ነው። ለታፔላ የወጣው ብር ወደ ቆላ ሊሄድ ይችል የነበረ ጉዞ ነው። ማኅበሮቹ ደግሞ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበትን የምስክር ወረቀት ይዘው «ይህ ዛሬ ይሠራል ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ዱስ በነዚሁ ዓመታት ከመቼውም በላይ ደጋፊ ያስፈልጋት ነበር። ከዱስ በላይ በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ ውኃው መጠራቀም የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 ነው። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው፤ ለአገር ያለውን ጥቅም የምቃወም ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከነሐሴ እስከ መስከረም እየሞላ ደለል ጥሎ የሚመለሰው ውኃ እንደ ጥንቱ መምጣቱን አቆመ። የወንዝ ዳር ማሽላ ያጣ ቤተሰብ ገንዘብ ይፈልጋል፤ እህል ሊገዛ ነው። ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ ከማር፣ ከፍየል፣ ከዶቃና ጎብኚ ሲመጣ ከፎቶ ነው። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ጎብኚውም ቀረ። አነስተኛ ንግድ በዱስ የልማት ዕቅድ ቃል መሆኑ አብቅቶ የቤተሰብ ቀለብ ጉዳይ የሆነው ያን ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤቱ በዚያው ሰሞን ስሙን እየቀየረ ነበር።

ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጂንካም የክልሉ ቢሮዎች ከሚቀመጡባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። ለአካባቢው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ ለአንድ ፊርማ ሐዋሳ ድረስ የሚጓዝ ባለሙያ ዛሬ የሚቀርበው ቦታ አለው። ከላይ ያለው ርቀት አጠረ ማለት ነው፤ ከታች ያለው ግን እንዳለ ነው። ከዲመካ እስከ ዱስ ያለው ኪሎ ሜትር በክልል መመሥረት አልቀነሰም።

ወጣት ባለሙያዎቹን የሚወቅስ ጽሑፍ አይደለም ይህ። ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። ከኪሳቸው ሞተር ሳይክል ነዳጅ የሞሉ፣ የቱሪስት መኪና ለምነው የሄዱ፣ በገበያ ቀን በአይሱዙ ላይ ከፍየል ጋር ተጭነው የተመለሱ አሉ። ለነሱ አንድም ቀን የምስጋና ደብዳቤ ሲጻፍ አላየሁም። የሚጻፍላቸው «ለምን አልደረሳችሁም?» የሚል ነው።

እንግዲህ የምለምነው በጀት የሚያጸድቁትን ነው፤ የወረዳና የዞን ምክር ቤት አባላትን። በመጪው ዓመት የሥራ ዕድልና የኢንተርፕራይዝ ጽሕፈት ቤቱ ዕቅድ ሲቀርብላችሁ ስንት ማኅበር ይደራጃል ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ሩቁ ቀበሌ ስንት ጊዜ ትሄዳላችሁ፣ ነዳጁስ የት መደብ ላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሩቅ ቀበሌዎችን የነዳጅና የውሎ አበል ብር ለብቻው ለዩት፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ቸገረኝ ብሎ እንዳይበደረው፣ በሰኔም ወደ ወንበር ግዥ እንዳይዛወር ዝጉት። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መንገዱ ደረቅ ሳለ ልቀቁት። ከካሮ ልጆች አንዱ ሂሳብ የሚጽፍ፣ ሚዛን የሚይዝ፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ዱስ ላይ ተቀጥሮ ቢቀመጥ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ ለእሱ ነዳጅ አያስፈልገውም። አዲስ ታፔላ ግን፣ እባካችሁ፣ ለጊዜው ይቆይ።